በጣት የሚገጠም፣ በግፊት የሚጠብቅ

ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነቱን ጨምሮ 40 ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚያጣው ኃይል 392 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም ከ1 ሺህ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። መኪናው ወደ ገደል እንዳይንደረደር ከተፈለገ ይህን ሁሉ ኃይል ሞተሩና ፍሬኑ ተጋግዘው ወደ ሙቀት መለወጥ አለባቸው። ሹፌሩ ለዚህ ሥራ የሚያዋጣው ግን የእግሩን ጫና ብቻ ነው። የቀረውን የሚሠራው የታመቀ አየር ነው።

ይህ አየር ከጋኑ ወጥቶ ወደ ቫልቮቹና ወደ ፍሬኑ ሲጓዝ ቀጫጭን የናይለን ቱቦዎችን ይከተላል። ቱቦው ከጋን ወይም ከቫልቭ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ሁሉ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ አንዲት መገጣጠሚያ ትገኛለች። በአንድ ወገኗ እንደ ብሎን ጥርስ ስላላት በቫልቩ አፍ ላይ ተሽከርክራ ትጠብቃለች። በሌላው ወገኗ ደግሞ ቱቦው ያለ መፍቻና ያለ ሙጫ በጣት ግፊት ብቻ ይሰካባታል። ሥራው በጥቂት ሰኮንድ ያበቃል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ከምናያቸው መገጣጠሚያዎች የብዙዎቹ አካል ብረት ሳይሆን በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው።

ይህችን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ጥርጣሬ ቢያድርበት አንፈርድበትም። በጣት የተሰካ ነገር በጣት አይነቀልምን? ፕላስቲክስ የ40 ቶን መኪናን አደራ ሊሸከም ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመረምራለን። ምርመራው ግን ወደ ሦስተኛ ጥያቄ ያደርሰናል፤ ይኸውም «ለመሆኑ የምንጠራጠረው ሊጠረጠር የሚገባውን ወገን ነውን?» የሚል ነው።

ውስጧ ሲታይ

አንዲት ያረጀች መገጣጠሚያ በብረት መጋዝ ለሁለት ብትሰነጠቅ አራት ዋና ዋና ክፍሎች ይታያሉ። የመጀመሪያው አካሏ ነው። የአካሏ ውስጠኛ ግድግዳ ቱቦው በሚገባበት አፍ አጠገብ ሾጣጣ ሆኖ ተቀርጿል፤ ወደ ውስጥ ሰፋ፣ ወደ ውጭ ጠበብ ይላል። ሁለተኛው ክፍል በዚህ ሾጣጣ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዙሪያውን እንደ ጣቶች የተሰነጣጠቀ ቀለበት ነው። በጣቶቹ ጫፍ ላይ ስለታም ጥፍሮች አሉ። ይህን ክፍል በዚህ ጽሑፍ «ጨባጭ» ብለን እንጠራዋለን። ሦስተኛው በሙያው ሰዎች ዘንድ «ኦሪንግ» የሚባለው ክብ የጎማ ቀለበት ነው። አራተኛው ቱቦው ገብቶ የሚያርፍበት እርከን ነው። ለጭነት መኪና ፍሬን በሚሠሩት ውስጥ ደግሞ ቱቦው ሲጨበጥ እንዳይጨፈለቅ ከውስጥ የሚደግፈው አጭር እጀታ ይጨመርበታል።

ቱቦው ሲገባ አስቀድሞ ከጨባጩ ጋር ይገናኛል። ጥፍሮቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ስለሆኑ ለሚገባው መንገድ ይለቃሉ። ቱቦው ይህን አልፎ በኦሪንጉ ውስጥ ይሾልካል። የኦሪንጉ ውስጠኛ ስፋት ከቱቦው ውጫዊ ስፋት ጥቂት ያነሰ ስለሆነ ጎማው ይለጠጣል፣ ይጨመቃልም፤ እጅም በዚህ ጊዜ መጠነኛ መቋቋም ይሰማዋል። በመጨረሻ ቱቦው ከእርከኑ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ልብ ልንለው የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ የሚይዘው ጨባጩ፣ ቀጥሎ የሚያሽገው ጎማው፣ መጨረሻ እርከኑ። ወደ ኋላ እንደምናየው የብዙ ስሕተት ምንጭ በዚህ ቅደም ተከተል መካከል ይገኛል።

ሊነቅል የመጣ ጉልበት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ቱቦውን ለመንቀል የሚታገለው ጉልበት ምን ያህል ነው? ስሌቱ ቀላል ነው። በውጭ በኩል 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ የመስቀለኛ ገጽታው ስፋት 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። በፍሬኑ መሥመር ውስጥ 10 ባር ግፊት አለ እንበል። 10 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 1 ኒውተን ነው። ስለዚህ አየሩ ቱቦውን ከመገጣጠሚያዋ ለማውጣት 113 ኒውተን በሚያህል ጉልበት ይገፋዋል። ይህም 11 ኪሎ ግራም ተኩል የሚመዝን ዕቃ በቱቦው ላይ ሌትና ቀን ተንጠልጥሎ እንደማለት ነው። የመንገዱ መንቀጥቀጥና የቱቦው መተጣጠፍ ሲጨመርበት ትግሉ ይበረታል።

የመገጣጠሚያዋ ብልሃት ይህን ጉልበት በሌላ ጉልበት አለመመከቷ ነው። ራሱን መልሳ ትጠቀምበታለች። ቱቦው ወደ ውጭ በተገፋ ጊዜ ጥፍሮቹ ይዘውት አብረው ይጎተታሉ። ጨባጩ ወደ ውጭ በተጎተተ መጠን ወደ ጠባቡ የሾጣጣው ክፍል ይደርሳል፤ ሾጣጣውም ጣቶቹን ወደ ቱቦው ይጫናቸዋል። ጎታቹ ጉልበት ሲጨምር መጨበጡም ይጨምራል። በገጠር ያደገ ሰው ይህን ነገር ከሸምቀቆ ያውቀዋል። በሸምቀቆ የታሰረ እንስሳ ለማምለጥ በታገለ ቁጥር ገመዱ የሚጠብቀው እንስሳው ራሱ በሚጎትተው ጉልበት ነው።

ኦሪንጉም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጎማ ቅርጹ በቀላሉ ይለወጣል፤ መጠኑ ግን በጫና የሚቀንሰው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጠባዩ ፈሳሽን ይመስላል። የታመቀው አየር በአንድ ጎኑ ሲጫነው ጎማው ወደ ተቀመጠበት ጎድጓዳ ጥግ ይገፋል፤ የተቀበለውንም ግፊት ወደ ቱቦውና ወደ ግድግዳው ያስተላልፋል። መጀመሪያ በመጨመቁ ያገኘው ጫና ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚደመር በጎማውና በቱቦው መካከል ያለው ጫና ምን ጊዜም ሊያመልጥ ከሚሞክረው አየር ግፊት ይበልጣል። ዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክሪስተንሰን ይህን ቀለበት በጎድጓዳ ውስጥ የማስቀመጥን ዘዴ በ1933 እ.ኤ.አ. ለባለቤትነት መብት አመልክቶበት በ1939 መብቱን አግኝቶበታል። ከውኃ ቧንቧ እስከ አውሮፕላን ድረስ ይህ ቀለበት የሌለበት መሣሪያ ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ ነው።

ከዚህም የተነሣ አየር ያለበትን ቱቦ በጉልበት ለመንቀል መታገል ከንቱ ድካም ነው፤ አደገኛም ነው። መንቀል የሚቻለው አየሩ አስቀድሞ ከተለቀቀ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ቱቦው ጥቂት ወደ ውስጥ ተገፍቶ ጥፍሮቹ እንዲላሉ ይደረጋል፤ ከዚያም የመልቀቂያው ቀለበት ዙሪያውን እኩል ተጭኖ ቱቦው ይወጣል።

ጠላትን ዘበኛ አድርጎ የመቅጠር ይህ አሳብ በአየር ፍሬን ታሪክ ውስጥ አዲስ አይደለም። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 ለባቡር የሠራው የመጀመሪያው የአየር ፍሬን የሚይዘው አየር ሲላክለት ነበር፤ ስለዚህ ቱቦው ከተበጠሰ ባቡሩ ያለ ፍሬን ይቀራል። በ1872 ባቀረበው የተሻሻለ ዘዴ ነገሩን ገለበጠው፤ በመሥመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወድቅ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። በዛሬው የጭነት መኪና የማቆሚያ ፍሬን ላይ ጠንካራ ሞላ አለ። ሞላውን ጨቁኖ የሚይዘው አየር ነው፤ አየሩ ሲያልቅ ሞላው ተስፈንጥሮ ጎማውን ያስራል። ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻ መከላከያ ነው። በቁልቁለት ኩርባ ላይ ጎማ በድንገት ቢታሰር ራሱን የቻለ አደጋ ነውና ቱቦውን ከመገጣጠሚያዋ የሚለይ ስሕተት ከመጀመሪያው ባይኖር ይመረጣል።

ጭቃና ጭድ

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ፕላስቲኩ ነው። ናይለን በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮተርስ በሚመራው የምርምር ቡድን በ1935 ተገኘ። ብቻውን ሲሆን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በጫና ሥር ይተጣጠፋል፣ ሲቆይም ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። ለመገጣጠሚያ አካል የሚውለው ናይለን አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህሉ አጫጭር የመስታወት ክር ነው። ክሩ ሲገባበት ደረቁ ናይለን ለመበጠስ የሚያሳየው መቋቋም ከእጥፍ በላይ ያድጋል፤ አለመተጣጠፉም ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ይህ ምሥጢር ለአገራችን ግንበኛ አዲስ አይደለም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ቤት አይሆንም። ጭዱ በጭቃው ውስጥ ተቦክቶ ሲለሰን ግን ስንጥቁ ከጭድ ወደ ጭድ መሻገር እያቃተው ይቆማል። በናይለኑ ውስጥ ያለው የመስታወት ክርም ሥራው እንዲሁ ነው፤ ናይለኑ ክሮቹን አንድ ላይ ይይዛል፣ ክሮቹም የሚመጣውን ጫና ይሸከማሉ። ሁለት ቁሶች ተጣምረው ለየብቻቸው የሌላቸውን ጠባይ ሲያስገኙ የቁስ ሳይንስ «ኮምፖዚት» ይላቸዋል።

ቀደም ሲል የዚህ ሥራ ባለቤት ናስ፣ ማለትም የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነበር፤ ዛሬም ከሥራ አልወጣም። ነገር ግን ናስ ከውኃ ስምንት እጥፍ ተኩል ያህል ሲከብድ ኮምፖዚቱ ከውኃ የሚከብደው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በክብደት ሲመዘን የኮምፖዚቱ ጥንካሬ ከናስ ይበልጣል። የናስ መገጣጠሚያ በመቁረጫ መኪና ተፈልፍሎ ሲሠራ ኮምፖዚቱ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በመጨመቅ በአጭር ጊዜ ብዙ ሆኖ ይወጣል። በተጨማሪም እንደ ብረት አይዝግም። ስለ ቱቦው ራሱ ካነሣን ደግሞ ለአየር ፍሬን ከሚውሉት የናይለን ዓይነቶች አንዱ፣ ናይለን 11፣ የሚሠራው በየደጃችን ከሚበቅለው ከጉሎ ፍሬ ዘይት መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ይህ ማለት ግን ኮምፖዚት እንከን የለውም ማለት አይደለም። የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላዋል። የጭስ ማውጫ ሙቀትና በአጠገቡ የሚደረግ ብየዳ ያበላሸዋል። ከሁሉም በላይ ያለ ልክ ማጥበቅ ይጎዳዋል፤ ብረት የሚታገሠውን ጫና ፕላስቲክ ለጊዜው የታገሠ መስሎ ሲቆይ ይላላል ወይም ይሰነጠቃል። «ሲበዛ ማር ይመራል» የሚለው ምሳሌ ለመገጣጠሚያ ማጥበቂያም ይሠራል።

ሌላኛው ወገን

እስካሁን የተናገርነው ቱቦው ስለሚሰካበት ወገን ነው። መገጣጠሚያዋ ግን ሁለት ወገን አላት። በጥርሱ ወገን ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ሸምቀቆ የለም፤ ጥርስ በአየር ግፊት ብዛት ራሱን አያጠብቅም። እርሱን የሚይዘው ሰዎች ቀድመው ያደረጉት ስምምነት ነው፤ ይኸውም የወንዱና የሴቷ ጥርስ በስፋት፣ በመካከላቸው ባለው ርቀትና በማዕዘን እንዲገጥሙ የተደረገ ውል።

የቱቦ ጥርስ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሾጣጣ ጥርስ ነው፤ በየ16 ሚሊ ሜትሩ ርዝመት ስፋቱ 1 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይገባና ጥርስ ከጥርስ ተጨናንቆ፣ በቴፍሎን ወይም በሌላ ማሸጊያ ታግዞ አየሩን ይዘጋል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ የሚያገለግለው ለመያዝ ብቻ ሲሆን አየሩን የሚዘጋው ከሥሩ የተቀመጠ ኦሪንግ ወይም ቀለበት ነው። ሽብልቅ እንጨትን እንደሚፈልጥ ሁሉ ሾጣጣ ጥርስም የፕላስቲክን አፍ ይፈልጣል። በዚህ ምክንያት ኮምፖዚት መገጣጠሚያዎች ብዙውን ጊዜ ጥርሳቸው ከናስ ተሠርቶ በፕላስቲኩ ውስጥ ይተከላል፤ ወይም ቀጥ ያለው ጥርስ ከኦሪንግ ጋር ይመረጥላቸዋል።

ችግሩ ዓለም በአንድ ውል አለመስማማቷ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያቀረበው ጥርስ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ በአውሮፓና በእስያ የተስፋፋው የቱቦ ጥርስ የእርሱን ፈለግ ይከተላል። የአሜሪካው የቱቦ ጥርስ ደግሞ 60 ዲግሪ ነው። በአውሮፓ የጭነት መኪናዎች የፍሬን ቫልቮች ላይ የምናገኘው ሦስተኛው ዓይነት በሚሊ ሜትር የተለካ ነው፤ ለምሳሌ 16 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው።

ከሁሉም አታላዩ «ግማሽ ኢንች» የሚባለው ነው። የእንግሊዙም የአሜሪካውም ግማሽ ኢንች በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው። የውጭ ስፋታቸው 20.96 እና 21.34 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱም ስም የመጣው ከቀድሞው የብረት ቱቦ የውስጥ ስፋት እንጂ ከዚህ ልኬት አይደለም። ስለሆነም አንዱ በሌላው ላይ በእጅ ሲጀመር ያለ ችግር ይሽከረከራል። ነገር ግን ማዕዘናቸው ስለማይገጥም ጥርሶቹ የሚነካኩት በከፊል ነው፤ በመካከላቸውም እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የሚዞር ቀጭን ክፍተት ይቀራል። ብዙ ቴፍሎን ተጠምጥሞበት በመጀመሪያው ቀን ሊዘጋ ይችላል። መንቀጥቀጡ ሲደጋገም ግን መተንፈስ ይጀምራል።

የባልቲሞር ትምህርት

የጥርስ አለመስማማት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማየት ወደ አንድ የታሪክ ምሳሌ እንሻገር። የካቲት 7 ቀን 1904 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ የባልቲሞር ከተማ እሳት ተነሣ። ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከሌሎች ከተሞች የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሣሪያቸውን ይዘው ደረሱ። ሰው ነበረ፤ ውኃም ነበረ። ይሁን እንጂ ከሌላ ከተማ የመጡት የብዙዎቹ የውኃ ጎማ አፍ ከባልቲሞር የውኃ ማውጫ ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። እሳቱ ከ30 ሰዓት በላይ ነድዶ ከ1,500 በላይ ሕንፃዎችን አወደመ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርመራ በአገሪቱ ውስጥ ከ600 በላይ የተለያዩ የእሳት ጎማ መገጣጠሚያዎች እንዳሉ ታወቀ። አንድ ወጥ ልኬት እንዲኖር የተደረገው ጥረት ከዚህ አደጋ ትልቅ ግፊት አግኝቷል።

ባልቲሞር ላይ ጥርሶቹ ጨርሰው እምቢ ስላሉ ስሕተቱ ወዲያው ታየ። በእኛ ጋራዦችና ላቦራቶሪዎች የሚያሰጋው ግን እሺ የሚል የሚመስለው ጥርስ ነው። ወደ አገራችን የሚገባው መሣሪያ ከአውሮፓም፣ ከእስያም፣ ከአሜሪካም የሚመጣ በመሆኑ ሦስቱም የጥርስ ዓይነቶች በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተደባልቀው ሊገኙ ይችላሉ። መለዋወጫ የቸገረው መካኒክ ያገኘውን ቢሞክር አያስገርምም። መፍትሔውም ውድ አይደለም፤ አንድ ካሊፐርና አንድ የጥርስ መለኪያ ሰሌዳ ይበቃል።

ከእጅ የሚጠበቀው

እንግዲህ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት እንችላለን። ተመልካች የሚጠራጠረው ፕላስቲኩንና በጣት የሚሰካውን ወገን ነው፤ እነዚህ ግን ፊዚክስ የሚጠብቃቸው ናቸው። ያለ ጠባቂ የቀሩት የጥርሱ ስምምነትና የገጣሚው እጅ ናቸው። ሸምቀቆው የሚሠራው ቱቦው በትክክል ከገባ ብቻ ነውና።

በመጀመሪያ የቱቦው አቆራረጥ አለ። ቱቦው በተገቢው የቱቦ መቁረጫ ቀጥ ተደርጎ ሊቆረጥ ይገባል። በመጋዝ የተቆረጠ ቱቦ ጫፉ ሸካራ ስለሚሆን ሲገባ ኦሪንጉን ይቧጭረዋል፤ ሰያፍ የተቆረጠ ደግሞ በአንድ ጎኑ እርከኑ ላይ አያርፍም። ቀጥሎ የመግቢያው ጥልቀት ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው መጀመሪያ የሚይዘው ጨባጩ ነው። ስለዚህ ኦሪንጉ ዘንድ ሳይደርስ በጥፍሮቹ ብቻ የተያዘ ቱቦ ሲጎትቱት አይወጣም፤ ስለማይወጣም የገጠመ ይመስላል፤ አየሩ ግን ያፈስሳል። የጥልቀቱን ልክ አስቀድሞ በቱቦው ላይ ምልክት አድርጎ ምልክቱ እስኪሰወር መግፋት፣ ከዚያም ወደ ኋላ ስቦ መፈተሽ ይህን ስሕተት ያስቀራል። ቱቦው ተነቅሎ እንደገና ሲሰካም በጥፍር የተጫረው ጫፍ ተቆርጦ መጣል አለበት፤ ጭረቱ ለአየር መሹለኪያ ይሆናልና።

በመጨረሻም የሳሙና አረፋ አለ። በአረፋ የተቀባ መገጣጠሚያ የሚያፈስስ ከሆነ ወዲያው ያኮርፋል። ይህን ፍተሻ የሚንቅ ሰው አንድ ቁጥር ያስታውስ፦ በ7 ባር ግፊት 1 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቀዳዳ በየሰኮንዱ ከ1 ሊትር የሚበልጥ አየር ታባክናለች። የመኪናው ኮምፕሬሰር ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ከአየሩ ጋር የሚገባውም እርጥበት ይበዛል። ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ በተደጋጋሚ ሲረገጥ ደግሞ በጋኑ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ግፊት አይገኝም።

ውድ አንባብያን፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ባለ ተሳቢ መኪና ሲያልፋችሁ የምትሰሙት የአየር ትንፋሽ በእነዚህ ትናንሽ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ያለፈ ነው። ግፊቱ ቱቦውን ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ቱቦውን ቀጥ አድርጎ የቆረጠው፣ እስከ እርከኑ የገፋው፣ ጥርሱንም ለክቶ ያገናኘው ግን አንድ መካኒክ ነው። ሹፌሩ እግሩን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፍ የሚተማመነው በፊዚክስ ሕግ ብቻ ሳይሆን ያ ሰው በዚያ ቀን ባደረገው ጥንቃቄም ነው።